የወር አበባዬና የአማቴ ሰሊጥ

አማቴን ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር። ከደጋ ወርዶ ቆላ በሰፈረ ሰው ቤት የገባች ምራት ሌላ ምን ትላለች? ወረቀቱ ግን የእኔ ነው፤ እዚህ «አለች» እንጂ «አሉ» አልልም። ክብሯን ከፈለገች እሷም ወረቀት ገዝታ ትጻፍ።

ቤታችን ከሽንፋ ወጣ ብሎ ነበር። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፣ በመካከሉ ሰሊጥ። መሬቱ የአማቴ ነው፤ ባሏ ሲሞት በስሟ አዙራ እንደ ወንድ ታሳርሰዋለች። ባሌ፣ ማለትም አንድ ልጇ፣ ትራክተር ነጂ ነው። አብደራፊ ለአንድ ባለሀብት ተቀጥሮ ስለሚሠራ ወደ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ መጀመሪያ ይበላል፣ ቀጥሎ ይጠጣል፣ ከዚያ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያት ቢያጣም አይቸገርም። የሚመታኝ በቺንጋ ነበር፤ ከትራክተር ሞተር ላይ አልቆ የወለቀ የጎማ ቀበቶ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለውን ይጥለዋል፤ እሱ ቤት አምጥቶ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። አማቴ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ዱላው ሲበዛ ቀና ብላ፣ «እጇን ተው እንጅ፤ ነገ ለሠራተኛ ቂጣ የምትጋግር ናት» ትለዋለች። ርኅራኄዋ እስከዚህ ነበር።

ማርገዜን ያወቅሁት ልለየው ከወሰንሁ በኋላ ነው። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችን፤ እሷን ይዤ የምወጣበትን ቀን እየጠበቅሁ ነበር። ዝም ብዬ ሌሊት ብጠፋ አባቴ አያስገባኝም፣ ልጄንም በማግስቱ ይነጥቁኛል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት በወጉ መለየት ነበረብኝ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ነፍሰ ጡር አትፋታም። «ውለጅና ይታያል» ትባላለች። ከወለደች «ጡት ይጣል»፣ ጡት ከጣለ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው»። እንዲህ ሲባሉ የጃጁ ሴቶች አውቃለሁ። አንዷን እንዲያውም ስትቀበር አልቅሼላታለሁ፤ ባሏ ፊት ለፊት ተቀምጦ ተዝካሯን በላ።

በነሐሴ አጋማሽ «ጥርሴን ልነቀል» ብዬ መተማ ወረድሁ። ጥርሱ እውነት ነበር፤ ያነቃነቀው ልጇ ስለሆነ አማቴ አልተከራከረችም። ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘኋት ሲስተር ፊቴን አየች፣ ክንዴን ገልጣ ሰንበሩን አየች፣ ብዙም አልጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን የማስወረጃ ክኒን እዚያው አስዋጠችኝና የቀረውን ሰዓቱን ነግራ በወረቀት ጠቀለለችልኝ።

«ደሙ ከወር አበባ ይበረታል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል» አለችኝ። «ከመጠን በላይ ከፈሰሰሽ ወይ ትኩሳት ከያዘሽ እንዳትቆይ፣ ወዲያው ነይ። የወር አበባሽ ከወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል። ሳይመለስም ልታረግዥ ስለምትችይ ተጠንቀቂ።»

ሳቄ መጣ። ከማን? ባሌ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶበት አብደራፊ ነበር፤ እስከ መስቀል አይመጣም። እርጉዝ ከመሆን የሚጠብቀኝ ጭቃ ነው አልኋት። እሷ አልሳቀችም።

ሁለተኛውን ክኒን የወሰድሁት ማድ ቤት ውስጥ፣ ለአረም ሠራተኞች ሽሮ እያማሰልሁ ነው። ሲስተሯ ምጥ ይመስላል ብላኝ ነበር፤ ምጥ ይሻላል፣ በምጥ ጊዜ ሰው ይጮኻል። እኔ ማማሰያውን ይዤ ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። ሽሮው አረረ። አማቴ ከውጭ ሆና «አፍንጫ የለሽም?» አለችኝ። ሠራተኞቹ ያረረውን በሉት፣ አንዱ የወሎ ሰው ብቻ «ዛሬስ እሳቱ ቀናሽ እታለም» ብሎ ቀለደብኝ። ማታ ሲያልቅ ቀለለኝ። አላለቀስሁም፤ ለማልቀስም ቦታ አልነበረኝም፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው።

ጨርቄን የማጥበው ከብቱ ከሚጠጣበት ዝቅ ብዬ፣ ወራጁ ውሃ በሚታጠፍበት ዘንድ ነበር። በዚያ ሰሞን «ለሠራተኛ ምግብ» እያልሁ ቤተ ክርስቲያንም ቀረሁ፤ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከቅጥር ውጭ ስለምትቆም ሰው ይቆጥራታል፤ እኔ መቆጠር አልፈለግሁም። አንድ ቀን ከውሃው ቀና ስል አማቴ ከዳገቱ ላይ ቆማለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም። «ሳሙናውን አታባክኝ» አለችና የለቀመችውን ጭራሮ ተሸክማ ሄደች። ይህን ያልኋችሁ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መስከረም ገባ። ደሙ ቆመ፣ ማቅለሽለሹ ቆመ፣ ጡቴ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባሌ ለመስቀል መጣ፤ በበዓሉ ማግስትም ቺንጋውን ከምሰሶው አወረደ። የዚያን ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ባለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች እንዲቀመጡልኝ አደረግሁ። ትከሻዬን ገልጬ አሳየኋቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ባሌ በጫማው አፈር ይቆፍራል። ነገሩ ሊያልቅልኝ ነበር።

አማቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ነጠላዋን አደገደገች።

«አባቶቼ፣ ልጄ ጥፋተኛ ነው፤ አልሸሽገውም። ግን ይችን ልጅ ከባሏ አትለዩአት። በሆዷ ይዛለች።»

እኔ ክው አልሁ። ከፅንሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ የድምፅዋ መለስለስ ነው፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«አልያዝሁም!» አልሁ።

«ከክረምት ወዲህ አንድ ሰንበት ከቅጥር ውጭ ስትቆም ያያት አለ?» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያየኝ አልነበረም። «ማርያምን! ሐሰት ከተናገርሁ ምርቴን ከነአውድማው እሳት ይብላው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ወር አበባሽን መች አየሽ፣ ልጄ?»

እውነቱን ብናገር ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ልጄን አጣለሁ። ሐሰት ብናገር ሴቶቹ ያጋልጡኛል። «ዘገየብኝ እንጂ እርጉዝ አይደለሁም» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሴቶቹ ሳቁ። ባሌም፣ እግዜር ይይለትና፣ ሳቀ። «ታዲያ እርግዝና ማለት ይኸው አይደል?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ።

ፍርዱ ተሰጠ። ወልጄ ይታያል። እስከዚያው ግን ባሌ እንዳይነካኝ ተገዘተ። እንዲህ ሆኖ የሌለ ልጅ ከዱላ አዳነኝ። ያለው ልጅ፣ ያ ሐምሌ ላይ የነበረው፣ ከአንድም ዱላ አላዳነኝም ነበር።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ወታደር ቤት የኖሩ ሰው፣ መሐላ ብቻ አልበቃቸውም። «ዛሬ እኮ መመርመሪያው ሽንፋ መድኃኒት ቤት ሞልቷል፤ ይታይና እርፍ እንበል» አሉ። አማቴ «የእኔ መሐላ አይበቃም?» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን እግራቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ነጻ የሚያወጣኝ ያ ወረቀት ነው። በባጃጅ አስመጡት። በሻይ ብርጭቆ ሸናሁ፤ አማቴ ወረቀቱን በገዛ እጇ ነከረችው። እኔ ከብርጭቆው ማዶ ቆሜ በልቤ ዕቃዬን እየጠቀለልሁ ነበር።

መስመሩ ሁለት ሆነ።

አማቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው፣ መልሳ አየችው፣ ከዚያ ደጋግማ አማተበች። ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ደስታ ነው ብዬ አሰብሁ። ደስ ብሏት እንኳ እንዲህ ታስጠላለች ብዬም አሰብሁ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አልወጣም ማለት ነው። ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ሕመም አልፎ እዚያው ውስጤ ተቀምጦ፣ ከእነሱ ጋር አብሮብኛል።

ስልክ የሚሠራው ከጉብታው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈቅድ። ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጥቼ ለሲስተሯ ደወልሁ። ገና ስጀምር ገባት።

«ረጋ በይ። የእርግዝናው ሆርሞን ከሰውነት እስኪጠፋ ሳምንታት ይፈጃል። ያ መመርመሪያ ባዶ ማሕፀንንም እርጉዝ ነው ሊል ይችላል። ማቅለሽለሹ ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«ጡትሽስ?»

«ተመልሷል።»

«ደግ ምልክት ነው። ግን በአልትራሳውንድ ሳናይ እርግጠኛ አንሆንም፤ ነይ። ሌላ ክኒን ከማንም ገዝተሽ እንዳትውጭ። ወር አበባ በጭንቀትም በድካምም ይዘገያል፤ ተኚ፣ ብዪ።»

ተኚ፣ ብዪ። ደግ ሴት ናት፤ የት እንደምኖር ግን አልነገርኋትም ነበር። በማግስቱ መንገዱ በተኩስ ተዘጋ። ወደ መተማ መኪና የሚያልፈው አልፎ አልፎ በወታደር አጀብ ሆነ፤ በአጀቡ የሚወጣው ደግሞ ሰሊጥ የጫነ እንጂ ማሕፀኗን ልታሳይ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ጠበቅሁ።

መጠበቅን የማያውቅ ሰው ይህ ምን ችግር አለው ይል ይሆናል። ጫካ በወጣሁ ቁጥር ጨርቄን አያለሁ። ንጹሕ ነው። ሌሊት ሆዴን እጫነዋለሁ፤ የነካሁት ሁሉ ልጅ ይመስለኛል። በአንድ ጎኑ የሲስተሯ ቃል አለ፣ በሌላ ጎኑ ሁለቱ መስመሮች አሉ፣ እኔ በሁለቱ መካከል ለአርባና ለሃምሳ ሰው ቂጣ እጋግራለሁ። ልጃገረድ ሳለሁ የረገምሁትን ደም ማርያም ደጅ ተንበርክኬ ለመንሁት። ከቅጥሩ ውስጥ ገብቼ ነው የለመንሁት፤ ለዚያውም መግባቴ ራሱ እርጉዝ ነኝ ብሎ ይመሰክርብኛል። ሴቶቹ ሲያዩኝ «እሰይ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ለመዋሸትም ሞከርሁ። ሰሊጡን ሊያይ ለመጣ ደላላ ዶሮ ታርዶ ነበር፤ ጨርቅ በደሙ ነክሬ አማቴ እንድታየው ከአጥሩ ላይ ረሳሁት። አነሣችው፣ አሸተተችው። «የዶሮ ነው» አለች። «ቀጥሎ ላባውንም ታሰጭልኛለሽ?» አልጮኸችም፣ ለባሌም አልተናገረችም። ጨርቁን ምድጃው ውስጥ ጨመረችውና ሥራዬን እንድቀጥል በአገጯ ጠቆመችኝ። ለምን ዝም አለች ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ሞኝ ነበርሁ ወይስ ደክሞኝ ነበር? ሁለቱም።

ሰሊጥ አይጠብቅም። ትንሽ ከዘገዩበት ፍሬው ይከፈትና መሬት ይበላዋል። ከጎጃምና ከወሎ የመጡት ሠራተኞች ፀሐይ ሳትወጣ ያጭዳሉ፣ ያስራሉ፣ ነዶውን እያቆሙ ይከምራሉ፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። ሂላው እስኪደርቅ ማሽላ ይጠበቃል፣ እንጨት ይለቀማል፣ እኔም እንደ ሂላው እደርቃለሁ። ሲስተሯ ያለችው ሁለት ወር አለፈ። ባሌ ወደ አብደራፊ ተመልሷል። ከመሄዱ በፊት ሆዴን በትራክተር ቅባት በጠቆረ እጁ መታ መታ አድርጎ «ወንድ ከሆነ ነጂ አደርገዋለሁ» ብሎኛል። ጣቱን ልነክሰው ፈልጌ ነበር። ጥርሴ ግን ገና ያመኝ ነበር።

የማራገፉ ቀን ደረሰ። በእኛ አካባቢ አውድማ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሸራው ሲዘረጋ ጫማ ይወልቃል፣ ክፉ ቃል አይነገርም፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከሩቅ ራኮባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ትቀመጣለች እንጂ ወደ ሸራው አትቀርብም፤ ከቀረበች በረከቱ ይነሣል። ደጋ የነበሩት አያቶች በጤፍ ያደርጉት የነበረውን ልጆቻቸው በሰሊጥ ያደርጉታል። በአንጻሩ በሆዷ የያዘች ሴት ካለች የመጀመሪያውን ቁና ሰፍራ ወደ ከረጢት የምትጨምረው እሷ ናት፤ ምርቱ ይወልዳል ይባላል። አማቴ በዚህ ከልቧ ታምናለች። በማርያም ስም ብዙ ነገር ታደርጋለች፣ በአውድማ ግን አትቀልድም።

ያን ቀን ጠዋት ወገቤን እያመመኝ ነበር፤ ውሃ ስለተሸከምሁ ነው ብያለሁ። ሠራተኞቹ ነዶውን እየዘቀዘቁ በዱላ ሲመቱት ሰሊጡ ሸራው ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ነጭ፣ ጥሩ ሰሊጥ ነበር። ወታደር የነበሩት ሽማግሌ ሊመርቁ ተጠርተው መጥተዋል። አማቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ቁናውን ይዛ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጠራችኝ።

«ነይ እንጅ። በእጅሽ ይጀመር።»

ጫማዬን አውልቄ ሸራው ላይ ተንበረከክሁ። ቁናውን ሞላሁት። ሽማግሌው «ይባርክ፣ ያብዛ፣ ያቻችል» እያሉ ነው። ወደ ከረጢቱ ልገለብጠው ስነሣ ከውስጤ ሞቅ ያለ ነገር ተለቀቀ። በጭኔ ወረደ። ቁልቁል ሳይ ነጩ ሰሊጥ ላይ ጠብ፣ ጠብ ብሏል።

ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ በቆመበት፣ የሰው ሁሉ እንጀራ በሆነ ነገር ላይ ቆሜ፣ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። እልል ማለት አማረኝ።

አማቴ ከሁሉ ቀድማ አየች። ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ቦታው ላይ ጣለችው፤ እሷም ላዩ ላይ ቆመች። በሕይወቷ ያለ ነጠላ ውጭ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ሽበቷን ፀሐይ እየመታው፣ በወንድ ሁሉ ፊት። «ልጅቱን ፀሐይ መታት፤ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» አለች። ሠራተኞቹ ወደ ነዷቸው ተመለሱ። የቆሸሸውንም በዙሪያው ያለውንም ሰሊጥ ዝቃ በነጠላው ቋጠረችና ክንዴን ይዛ ገና ካልተራገፈው ሂላ ጀርባ ወሰደችኝ።

«መጣልሽ?» አለች።

«መጣ።»

«ዘገየ።» ቋጠሮውን መሬት ላይ አኖረችው። «እኔ እንኳ ከዚህ በፊት ይመጣል ብየ ነበር።»

አልገባኝም። አየችኝ፤ አለመግባቴ እንዳሰለቻት ሁሉ ተነፈሰች።

«ነሐሴ ላይ ከወራጁ ዳር ስታጥቢ አይቸሻለሁ። ስንቱን ወልጄ ስንቱን ቀብሬያለሁ፤ የወር አበባና ውርጃ ይምታታባታል ብለሽ ነው? ጥርስ ልነቀል ብለሽ ሄደሽ ጥርስሽን ይዘሽ ነው የመጣሽ። ባዶ መሆንሽን ሳውቅ ነው የማልሁት።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንች ብትሄጅ ለዚህ ሁሉ ሠራተኛ ማን ይጋግርልኝ? ሰሊጡ እስኪገባ ብየ ነው። ሲገባ ወረደባት እልና ትሄጃለሽ። ምን ጎደለብሽ? ልጄ እንኳ አልመታሽም።»

እንዲህ አለች። በእርጋታ፣ የገበያ ሂሳብ እንደምታስረዳ። ያን ሁሉ ሌሊት ሆዴን ስጫን፣ ያን ሁሉ ቀን ጨርቅ ስገልጥ፣ እሷ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ታውቅ ነበር።

«መስመሩ ሁለት ሲሆንስ?» አልኋት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። «እሱ... እሱን ተይው። ማርያም የሐሰት መሐላየን እውነት አድርጋ ልትቀጣኝ ነው ብየ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ቀስ እያልሁ አመንሁት። እውነት ባይመስለኝ አውድማየ ላይ አወጣሽ ነበር?» ቋጠሮውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «በይ ተይው። ሽማግሌውን እኔው አናግራለሁ፤ በሰላም ሂጅ። ልጅቱ ግን ከእኔ ትቀራለች። እንቢ ካልሽ ክኒን ውጠሽ ያደረግሽውን ለባልሽም ለካህኑም እነግራለሁ።»

ንዴት ሰውን ያሳውራል ይላሉ፤ እኔን አበራልኝ። «ይንገሩ» አልኋት። «እኔም ማርያምን ጠርተው በሐሰት መማልዎን እነግራለሁ። አሁን ደግሞ ወደ ሸራው እመለስና የሆነውን ለሠራተኛው ጮኼ እናገራለሁ። ከዚያ ይህን ሰሊጥ በእጁ የሚነካ ሠራተኛ፣ በአፉ የሚቀምስ ደላላ ካገኙ እናያለን። ምርቴን እሳት ይብላው አላሉም ነበር? እሳት አያስፈልግም፤ የእኔ ደም ይበቃል።»

ፊቷ ሲቀየር አየሁት። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ቋጠሮውን አንሥታ «ልጅቱን ውሰጅያት» አለች።

ለእሑዱ ሽምግልና ባሌ ከአብደራፊ ተጠራ። ቁርቁራው ሥር አማቴ ተነሥታ «ወረደባት» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እንባዋ እውነት ነበር፤ የፈጠረችውን የልጅ ልጅ ነው የምትቀብረው። ባሌ ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ «ወንድ ነበር እንዴ?» አላት። አማቴ ዓይኗን ሳታሽ «ወንድ ነበር» አለችው። እሱም አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተራ በተራ ወደ እኔ መጡ። «እግዜር ይተካልሽ፣ ልጄ። እግዜር ያጽናሽ።» ሴቶቹም ተከተሉ፤ አንዷ ግንባሬን በግንባሯ ነካች። በነሐሴ ማድ ቤቱ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ ማንም እንዲህ አላለኝም። ያደረግሁትን ያኔም ዛሬም አልጸጸትበትም፤ ደግሜም አደርገዋለሁ። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በጊዜው አይዞሽ ቢለኝ ብዬ፣ በማይገባኝ ለቅሶ መካከል ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። አማቴ መጥታ አቀፈችኝ። ሌላ የሚያቅፈኝ ሰው ስላልነበረ አልገፋኋትም።

ፍቺው ተፈቀደ። ለደከምሁበትም ከምርቱ ድርሻ እንዲሰጠኝ ተፈረደ። በማግስቱ አጀብ ያለው መኪና ሲመጣ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። አማቴ ከደጅ ቆማ አንድ ከረጢት ሰሊጥ በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው።

«ድርሻሽ ነው» አለች። «ያው ያ የቋጠርሁት ነው፤ ከላይም ጨምሬበታለሁ። ከእኔ ቤት እህል አይቀላቀል፣ እንዳልደፋው ደግሞ እህል ነው።»

መተማ ስደርስ ልጄ ርቧት ታለቅስ ነበር። ገበያው ዳር ያገኘሁት የመጀመሪያ ደላላ ዘንድ ከረጢቱን አወረድሁና አፉን ፈትቼ ያዝሁለት። ሰውየው እጁን ዘልቆ አስገባ፣ እፍኝ አወጣ፣ እፍ ብሎ አነፈሰው፣ ጥቂቱን ወደ አፉ ወርውሮ አኘከ።

«የዘንድሮ ነው» አለ። «ጥሩ ሰሊጥ ነው።»

እየዋጠ ሳለ ሚዛኑን አመጣልኝ።